በር ላይ ያለ የጌታ ነው

ሆፕ ሂል፣ ትሬሎኒ፣ ጃማይካ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1983

ኤርሚንዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ባሕሩስ፣ ሙቀቱስ፣ አሮጊቷ እመቤትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይነጫነጫል። ቤቱም ደህና ነው፤ ከአልጋችን በላይ ካለው ቆርቆሮ በቀር። ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ወደ ግድግዳው እገፋለሁ፣ ሲያባራ እመልሳለሁ። ክንዴ ጠንክሯል፤ ስትመጪ ታያለሽ።

ፖስታው ደርሷል። "አስራቱን ሰጠህ ወይስ አልሰጠህም?" ብለሽ፣ ሁለት ጊዜ አስምረሽ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ ሰጥቻለሁ። ለብቻው ጠቅልለሽ የላክሽውን እንዳለ እሑድ ዕለት መባ መሰብሰቢያው ከረጢት ውስጥ ከትቻለሁ። እጄ ከረጢቱ ውስጥ ትንሽ ብትቆይ ዲያቆን ኦስበርት ጠጋ ብሎ፣ "ወንድም ሊንቫል፣ እየጨመርክ ነው እየመረጥክ?" አለኝ። ሹክሹክታ መስሎት ነው፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶ ሳቀ።

እኔ አስራት መጥፎ ነው አልወጣኝም። ጌታ ከእኛ የተሻለ ጣሪያ አለው ነው ያልኩት። አንቺ ባሕር ተሻግረሽ የሰው አንሶላ ታነጥፊያለሽ፣ እኔ እዚህ ከሰማይ በታች ባልዲ ደቅኜ አድራለሁ፤ እሱ ደግሞ ከሁለታችን ይቀበላል። ይሄን ለፓስተሩ እንዳትጽፊ።

አሁን ዋናው ወሬ። ሚስተር ቫሰል ስለ መሬቱ የመጨረሻ ቃሉን ነግሮኛል። እስከ ስቅለት ዓርብ ቦዬ ተተክሎበት ካላየ ከብቶቹን ይለቅበታል። ስንት ዓመት ተከራይተን፣ ድንጋዩን ለቅመን ያለሰለስነው መሬት የላሞች መፈንጫ ሊሆን ነው። ግን አትስጊ። የዘንድሮውን ቦዬ ቆፍሬ፣ ሥሩን ለምግብ ለይቼ፣ ራስ ራሱን ለዘር ቆርጬዋለሁ፤ ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሼ ማንጎው ጥላ ሥር ደርድሬዋለሁ። እንዲህ ያለ የዘር ራስ አይተሽ አታውቂም። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። የከርሞ እንጀራችን እዚያ ማንጎ ሥር ተኝቶልሻል፤ የሚተከልበትን ጉብታም መቆፈር ጀምሬአለሁ።

ምን እየበላሽ ነው? በላክሽው ፎቶ ላይ ቀሚስሽ ሰፍቶሻል።

ያንቺው ሊንቫል


ጆርጅታውን፣ ግራንድ ካይማን
ጃንዋሪ 23 ቀን 1983

የኔ ነጭናጫ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለጉልበትህ፣ ሰላም ለባልዲውም። ቀሚሱ የሰፋኝ የኔ ስላልሆነ ነው፤ የጆይስሊን ነው። የእማማ ታይረል የልጅ ልጅ ወፍራም መሆኗን ረሳኸው? እኔ ሞልቶልኝ ዓሣ እበላለሁ። ስለ እመቤቴ ስለ ወይዘሮ ኢባንክስ ጤና የጠየቅኸውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ስለ አስራቱ ግን ፖስታ ቤት ቢዘጋም እጽፋለሁ። ሊንቫል፣ እኔ ጌታ ዓሥር እጥፍ አድርጎ እንዲመልስልኝ አይደለም የምሰጠው። እሱ የሬዲዮ ሰባኪዎቹ ንግድ ነው። ሳንቲም እጄ ሲገባ መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ፍርሃቴ ነው። "ለጣሪያው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለክፉ ቀን" ይለኛል፤ ብሰጠው ብሰጠው ጠግቦ አያውቅም። ከእሱ ቀድሜ ለጌታ ስሰጥ ፍርሃቴ ሁለተኛ መሆኑን ያውቅና ይቀመጣል። ሌላ ምስጢር የለውም። እናቴም እንዲሁ አድርጋ ነው ስድስት ልጅ ያሳደገችው፣ አንዳችንም በረሃብ አልሞትንም፣ አንዳችንም ሀብታም አልሆንንም።

የመከር እሑድ እየመጣ ነው። ቅዳሜ የመከር ኮሚቴው በጭነት መኪና ሲዞር በር ላይ ደህና ነገር አስቀምጥ። ያንን ያለፈውን ዓመት ዱባ እንዳትደግመው! ከታች የበሰበሰውን ወደ መሬት አዙረህ፣ ደህናውን ወደ ላይ አድርገህ ያኖርኸውን። ዲያቆን ኦስበርት ሲያነሣው እጁ ሰምጦ ገባ። እስከ ዛሬ እኮ ጠማማ ነገር ሲያዩ "የሊንቫል ዱባ" ነው የሚሉት። እዚህ ካይማን ድረስ ጆይስሊን ትስቅብኛለች።

ደህናውን ስጥ። ከደህናው።

ኤርሚን


ሆፕ ሂል
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1983

ለውድ ባለቤቴ ለኤርሚን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና፣ ፍየሏ ደህና፣ አየሩ ደህና። የዳቦ ፍሬው ዛፍ አብቧል። የእማማ ታይረል ሳል ለቋቸዋል። ፓስተሩ አዲስ ጫማ ገዝቷል፣ ይጮኻል። ነፋሱም እንዲሁ መጠነኛ ነው። የላክሽው ገንዘብ ግን በዚህ ወር ለምን አነሰ?

የመከር በዓሉ አምሮ ነበር። ሸንኮራው በየወንበሩ ጫፍ ታስሮ፣ ሙዙ ከነግንዱ ተሰቅሎ፣ ሁሉም ነበር። እኔም ሰጥቻለሁ። ደህና ነገር ነው የሰጠሁት። እንዲያውም ከደህናም ደህና። ሰዉም ደስ ብሎታል። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፤ ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ ተብሏል።

ለወሬ ያህል ልጠይቅሽና፣ እዚያ ካይማን ገበያ ላይ የቦዬ ራስ ይሸጣል እንዴ? ለወሬ ያህል ነው።

አክባሪሽ ሊንቫል


ጆርጅታውን
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1983

ሊንቫል፣

"አክባሪሽ"? ከተጋባን ጀምሮ አክብረኸኝ ጽፈህልኝ አታውቅም። ምን አጥፍተሃል?

ቆይ፣ መልሱ ደርሶኛል። ትናንት ጆይስሊን ከአያቷ የመጣ ደብዳቤ ይዛ እየጮኸች ገባች። "እህት ኤርሚን፣ ባልሽ ጉድ አደረገ! ለከርሞ የሚተክለውን የቦዬ ራስ በሙሉ ለመከር ሰጠ! ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበለት!" አለችኝ። እኔም አልጋ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከኩራት ነው ያለቀስኩት። "ጌታ ሆይ፣ ያንን ደረቅ ሰው ሰበርከው" አልኩ።

እንባዬን ስጠርግ ግን አሰብኩ። እኔ እኮ የማውቀው ሊንቫል መባ ከረጢት ውስጥ እጁን የሚያቆይ ሊንቫል ነው። ጌታ ልብ ይለውጣል፣ አምናለሁ፤ ግን ያንተን ልብ በአንድ ቅዳሜ? ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር ሰጥተህ ስለ ፓስተሩ ጫማ ትጽፍልኛለህ? አንተ አንድ ዱባ ሰጥተህ ሁለት ገጽ የጻፍክ ሰው!

የላክሁት ገንዘብ ለምን እንዳነሰ ለጠየቅኸኝ፣ ባንኩ ነው። ባንኩ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። አሁን የተጠየቅኸው አንተ ነህ። እውነቱን ጻፍ። መሬቱስ?

ኤርሚን


ሆፕ ሂል
ማርች 6 ቀን 1983

ኤርሚን፣

እሺ። ቁጭ በይና አንብቢ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኔ ነኝ። ያን ቅዳሜ የጎረቤታችን የኸርበርት ጂፕ ራሶቹን ወደ ቫሰል መሬት ልታደርስልኝ ነበር። ጠዋት በማለዳ ሁሉንም በጆንያ አድርጌ ወደ መንገዱ አወጣሁና በሩ ላይ ደረደርኩ። ከአጠገባቸው፣ አንቺ እንዳልሽው፣ ለመከር የሚሆን አንድ ትልቅ ደህና ቦዬ አስቀመጥኩ። እውነቴን ነው፣ ደህና ነበር። ከዚያ ኸርበርት እስኪመጣ ልታጠብ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሳሙናው ፊቴ ላይ እያለ የመኪና ድምፅና ዝማሬ ሰማሁ። ኸርበርት መዝሙር አይወድም።

የኛን ደንብ ታውቂያለሽ፤ ኮሚቴው በር አያንኳኳም፣ ባለቤቱን አይጠራም፣ ሰው በስጦታው እንዳይኮራ። በር ላይ ያለ የጌታ ነው። ፊቴን አጥቤ ብቅ ስል በሩ ላይ አመድ ብቻ ነው ያለው። ቦዬዋንም ወስደዋታል።

"ሮጠህ ለምን አልነገርካቸውም?" ትያለሽ። ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቀድሜ ደርሼ ዲያቆኑን ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ነው። ቀድሜ ደረስኩ። እነሱ ከእኔ ቀድመዋል። ራሶቼ መስበኪያው ሥር ተደርድረው ቀይ ጥብጣብ ታስሮባቸዋል። ዲያቆን ኦስበርት ገና ከበሩ ሲያየኝ እጁን ዘርግቶ ተነሣ። "ወገኖች፣ ባለፈው ዓመት በዱባው ያማነው ወንድማችን ዘንድሮ አሳፈረን! ሌላው ከመከሩ ሰጠ፣ ወንድም ሊንቫል መከሩን ራሱን ሰጠ!" አለ። ጉባኤው ግልብጥ ብሎ ተነሣ። እማማ ታይረል ምርኩዛቸውን ጥለው አጨበጨቡ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው "ሃሌሉያ" ነው።

ኤርሚን፣ እንደዚያ አጨብጭቦልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። በሠርጋችንም ቀን ያጨበጨቡት ላንቺ ነው። እንዴት ብዬ "ስሕተት ነው፣ መልሱልኝ" ልበል?

ሰኞ የመከሩ ስጦታ በጨረታ ሲሸጥ ልገዛቸው፣ ለጣሪያው ቆርቆሮ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። አንድ ዋጋ ስጠራ እማማ ታይረል ጨመሩ። እኔ ስጨምር እሳቸው ጨመሩ። "የሰጠኸውን መልሰህ ልትገዛ ነው እንዴ? ስስታም!" ብለው ጮኹብኝ፤ ሰዉ ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ኪሴ አለቀና ዝም አልኩ። ሁሉንም ወሰዱት። ግቢያቸው እኮ ለአንድ ፍየል እንኳ አይበቃም! ምን ሊያደርጉበት ነው? ለነገሩ እኔ ምን ቸገረኝ፣ አልቋል።

ጉብታዎቹ ተቆፍረው ባዶአቸውን ቆመዋል። ቫሰል ማክሰኞ በፈረሱ መጥቶ አያቸውና ፈገግ አለ። ስቅለት ዓርብ ደርሷል። የዘር ራስ ገበያ ላይ የለም፣ ሁሉም ተክሏል። "ጌታ ያውቃል" ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ማወቁንማ ያውቃል፤ አብሮ ጭኗቸው ሄዷል።

ሊንቫል


ጆርጅታውን
ማርች 16 ቀን 1983

የኔ ስስታም፣

"አብሮ ጭኗቸው ሄዷል" ያልከው ጋ ስደርስ ሳቄ አላስቆም ብሎኝ ጆይስሊን ውኃ አመጣችልኝ። ይቅር በለኝ። ከሳቁ በኋላ ግን አለቀስኩ፤ አሁን የምነግርህም ለዚያ ነው።

ስለ ባንኩ የጻፍኩልህ ውሸት ነው። ወይዘሮ ኢባንክስን ልጆቻቸው ለአዲስ ዓመት መጥተው ወሰዷቸው፤ ቤቱ ተዘጋ፤ እኔም ከነሻንጣዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጆይስሊን ክፍል ውስጥ ነው የማድረው። አንዳንድ ቀን የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጥባለሁ። ሞልቶልኝ ዓሣ እበላለሁ ያልኩህም ውሸት ነው፤ የጆይስሊን ቀሚስም ከዱሮው ይበልጥ ሰፍቶኛል። ያችኑ ከአንሶላው የማገኛትን ከፋፍዬ አስራቷን አስቀምጥና ቀሪውን ላንተ እልክ ነበር። ያኮራኝ ነበር፣ ሊንቫል። "ቢቸግረኝም እሰጣለሁ" እያልኩ። የጌታን ድርሻ አንድ ቀን ሳላጓድል፣ ለአንድ ምእመን እንኳ "ቸግሮኛል" አላልኩም። ላንተም ጭምር።

ያንተን ደብዳቤ ሳነብ ግን ራሴን አየሁ። አንተ ስለተጨበጨበልህ ዝም አልክ፤ እኔ ሰጪ ተብዬ ስለምታወቅ ዝም አልኩ። በየት ነው የምንለያየው? ረቡዕ ማታ የጸሎት ጉባኤ ላይ ተነሣሁ። "ሥራ የለኝም፤ ወደ ቤቴ መመለሻም የለኝም፤ እርዱኝ" አልኩ። አንዲት ሴት ዞር ብላ፣ "በየሳምንቱ ፖስታ የምታስገቢው አንቺ አይደለሽ እንዴ?" አለችኝ። "እኔው ነኝ" አልኩ። መስጠት የለመደ እጅ ገልበጥ ብሎ ሲዘረጋ እንዴት እንደሚከብድ ልነግርህ አልችልም። ግን አልተሰበረም። አሁን ለመሳፈሪያዬ እያሰባሰቡልኝ ነው።

እና አሁን ተራው ያንተ ነው። በሆሳዕና እሑድ ተነሥተህ እውነቱን ተናገር። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ለቦዬ አይሠራም፤ ቦዬ ዝም ካሉት ይበሰብሳል። ይሳቁብህ። ራሶቹን የት እንዳደረሷቸው እማማ ታይረልን ጠይቃቸው። "ጠይቃቸው" ነው ያልኩህ፤ "ተከራከራቸው" አላልኩም።

መሬታችንን ለላም እንዳትሰጥብኝ።

ኤርሚን


ሆፕ ሂል
ማርች 30 ቀን 1983

ኤርሚኔ፣

መጀመሪያ ስላንቺ። ደብዳቤሽን ይዤ ማንጎው ሥር ብዙ ቆየሁ። አንቺ አንሶላ አጥበሽ ስትልኪ እኔ "ለምን አነሰ?" ብዬ ጠየቅኩ። ያ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንዳጥንት ቆሟል። ሌላውን ስትመጪ በአፌ እነግርሻለሁ፤ ለጽሑፍ አይሆንም።

አሁን የሆሳዕናውን ስሚ። ዘንባባው ከተያዘ፣ ከተዘመረ በኋላ ፓስተሩ "ምስክርነት ያለው?" ሲል ተነሣሁ። "ወገኖቼ፣" አልኩ፣ "የመከር ቀን ያጨበጨባችሁልኝ በስሕተት ነው። ራሶቹን በሩ ላይ ያኖርኳቸው ለኸርበርት ጂፕ ነበር። እኔ የሰጠሁት አንድ ቦዬ ነው። የምተክለው የለኝም። ስቅለት ዓርብ መሬቱ ከእጄ ሊወጣ ነው። እርዱኝ።"

ከዚያ ኸርበርት ነው የጀመረው፤ መዝሙር የማይወደው ኸርበርት። ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። ፓስተሩ ራሱ ፊቱን በዘንባባው ሸፈነ።

እማማ ታይረል ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱ። "በመጨረሻ! እኔማ ሳልሞት አይናገርም ብዬ ነበር" አሉ። "ያ ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት ራስ ለመከር ይሰጣል እንዴ? እሑድ ዕለት በደስታ ታውረን ነው። ሰኞ ግን ፊትህን አየን። ለቅሶ ቤት የመጣህ ነው የምትመስለው።"

"ታዲያ እማማ፣ ለምን ዝም አላችሁ?" አልኳቸው።

"አንተስ ለምን ዝም አልክ?"

ዘንባባዬን ማጠፍ ስጀምር እሳቸው ቀጠሉ።

"ጨረታው ላይ ኪስህ እስኪያልቅ ብንተውህ ጣሪያህን ሸጠህ ልትገዛው ነበር። እኔ ጮህኩ እንጂ ገንዘቡን ያዋጡት ሁሉም ናቸው፤ ኦስበርትም አለበት። ራሶችህ እኔ ቤት ወለል ሥር ናቸው፤ በየሳምንቱ አመዱን አድሳለሁ። አንተ እስክትጠይቅ ነበር የምንጠብቀው። አሁን መጥተህ ውሰድ።"

ዲያቆን ኦስበርት ጣልቃ ገባ። "እኔ ግን እማማ፣ እስከ ትንሣኤ ካልተናገረ ማታ ተሸክመን በሩ ላይ እናስቀምጥለት ብዬ ነበር። በር ላይ ያለ የጌታ ነው ብሎ እንዳይነካው ፈራሁ እንጂ!"

"ያወጣችሁትን እከፍላለሁ" አልኩ። ያኔ ነው እማማ ታይረል የተቆጡት። "ማን ጠየቀህ? ገንዘቡ ለጌታ ተሰጥቷል፣ አልቋል። አንተ እኮ ለመስጠት እጅህ ያጥራል ብለን ስናማህ ኖርን፤ ለካ ለመቀበል ጭራሽ እጅ የለህም። 'አመሰግናለሁ' በልና ተቀመጥ!"

"አመሰግናለሁ" አልኩና ተቀመጥኩ። ይሄን ለማለት ይህን ያህል ዓመት እንደፈጀብኝ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን አላጨበጨቡልኝም፤ ግን ሲወጡ እያንዳንዱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ አለፈ።

ሰኞ ሁሉም መቆፈሪያውን ይዞ መጣ። ኸርበርት በጂፑ ጫነልን። ሴቶቹ የጨው ዓሣና ሙዝ ቀቀሉ፤ እማማ ታይረል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁላችንንም ሲሰድቡ ዋሉ። ሳይመሽ ተተክሎ አለቀ። ቫሰል በፈረሱ መጥቶ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አየ። "ሊንቫል፣ ከየት አመጣኸው?" አለኝ። "ለምኜ፣ ሚስተር ቫሰል" አልኩት። ኮፍያውን ነቀነቀና ሄደ። መሬቱ የኛ ነው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ተመለስኩ። ዓሥረኛ ዓሥረኛው ጉብታ ላይ ለምልክት ቀይ ቅጠል ያለው ተክል ተከልኩበት፣ የጌታ ድርሻ ከአሁኑ እንዲታወቅ። አንቺ ሳትነግሪኝ። እጄም አልቆየችም።

ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ነይ፣ አልጋውን አብረን እንገፋለን።

ሊንቫል


ጆርጅታውን
ኤፕሪል 5 ቀን 1983

የኔ ለማኝ፣

ይህን ለዕረፍት ወደ አገር በምትሄደው በጆይስሊን እጅ ልኬዋለሁ፤ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች። ስለ ጉሮሮህ አጥንት አታስብ፤ እኔም የራሴ አለኝ፣ አብረን እንውጠዋለን። መሳፈሪያው ሞልቶልኛል። ፖስታውን ሲሰጡኝ እኔም እንዳንተ "እከፍላለሁ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወጣው "ሃሌሉያ" ነው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ባልዲውን አጥበህ ጠብቀኝ። የዚያን ዕለት በር ላይ ምንም ነገር እንዳታስቀምጥ። እኔን በሩ ላይ ከነሻንጣዬ ቆሜ ካየኸኝ ግን ፊትህን ልታጠብ እንዳትል። ሳሙናውን ጣልና ሮጠህ አስገባኝ፣ ኮሚቴው ሳያየኝ።

ኤርሚን